የሸዋዬ ወንፊት

ለዱቄት የገዛነው የሸዋዬ ወንፊት
ጭቃ ሊነፋ ወጣ በጥቅምት ውርጭ ፊት።

በሬሳ ነው ወንዛችን። ስሙን የሰማ እንግዳ
ይሰቀጥጠዋል፤ አስከሬን የሞላው ሜዳ
ይመስለዋል። እኛ ግን ከደብረ ብርሃን በታች
ጨፌው ላይ ስንወርድ፣ የለም አንድም ሟች፤
ጭቃው ይርመሰመሳል፤ እጭ፣ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣
በዶማ ሲነኩት ነፍስ ተግተልትሎ ሲወጣ።

የቀጠረችኝ ምንታምር ናት፣ የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ፣
ባልዲ ልሸከምላት፣ ወንፊት ልይዝላት በእጅ።
ደብተሯ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ መነጽሯ ካንገት፣
«ጋሽ ደምሰው፣ ከዚህ አንድ ስንዝር፣ ከዚያም በዚሁ ልኬት»
እያለች ትቆጥራለች።
ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አርባ አንድ።
ከመሐል ውሃው፣ አሥራ ሰባት።
ከብት ከረጋገጠው ማጥ፣ ዘጠኝ ብቻ፤ እሱም ደቃቃ።
«እኔ ወፏን ብሆን» አልኩ፣ «ገበታዬ አርባ አንዱ ጋ፤
ሞኝ ካልሆነ በቀር ማን ዘጠኝ ፍለጋ
ይወርዳል?» አልኩና አንድ ጥቅል ብስኩት አስያዝኩ፤
በሆዴ ሣሩ ላይ ተኝቼ፣ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ።

መጡ።
አንዷ እንቁላል አታህል፣ ነጭ ቅንድብ የተኳለች፤
ሌላዋ የጆንያ ወስፌ የሚያህል ምንቃር ያነገበች።
ከወዲያ ነው የመጡት፣ ብርድ ከሚገዛው አገር፣
በረሃውን በሌሊት፣ በኮከብ፣ ሳያርፉ ባሕር ለባሕር።
ገናም ይሄዳሉ። ለስንቅ ነው እኛ ጋ ጎራ ማለታቸው፣
ስብ ቋጥረው ሊነሡ፤ ሌላ ጉዳይም የላቸው።
ለጥቅምት አንድ አጥንት ይላል ያገሬ ሰው፤
ለዚች ግን ትል በሺህ ነው ካሰበችው የሚያደርሰው።

ትንሿ ዞረች። አርባ አንዱን አየች።
ባሕር ዛፉን አየች።
ዘጠኙ ላይ ሰፈረች።

«ለምን?» ስላት ምንታምር መነጽሩን ሰጠችኝ፤
ከቅጠሉ መሐል የጭልፊት ዓይን አፈጠጠብኝ።
«እዚያ ብትበላ» አለች፣ «ለአንድ ጉርሻ ሦስቴ ቀና፤
ሳትጠግብ ይመሻል። ደግሞ ቅጠሉ ረግፎ ሸፍኖታልና
በዓይኗ ለቅማ የምትበላ ምኑን አይታ ትለቅማለች?
መሐሉም ለባለ ረጅም እግር ነው፤ እሷ ደረቷ ድረስ ትሰጥማለች።»

የወንፊት ቁጥር ውሸት አይደለም፤
እውነት ነው፣ የወንፊት እውነት።
ወንፊት እግር የለው፣ ጭልፊት አይፈራ፣
አይመሽበት።

(እኔም ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ሳለሁ፣
ካቦው ከጀርባዬ ቆሞ ስንት ምሳ ቀና ቀና ስል በላሁ!
ትቼው የችግኝ ጣቢያ ዘበኛ ስሆን፣ በግማሽ ደመወዝ፣
«ደምሰው ለየለት» አሉ። ይኼን ለምንታምር አልነገርኳትም፤
ደብተሯ ላይ ቦታ የለውም።)

ባራተኛው ሌሊት ውርጩ በረታ። ጭቃው ቆዳ አበጀ፣
ትሉም ወደ ታች ሰመጠ።
ባለ ወስፌዋ በስታ አገኘችው፤ የትንሿ ምንቃር ግን
ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ፣ በረዶውን መትቶ ተመለጠ።
ያን ቀን ተራበች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሄደች
ፈትታ ያደረች ላም ተኝታ ወደተነሣችበት ሥፍራ፤
መሬቱ ይጨሳል፣ አልቀዘቀዘም፣ ዝንቡም ገና አልጠራ፤
እዚያ ላሟ በሰውነቷ ባሞቀችው ልክ
ቁርሷን በላች።
ምንታምር ለመጻፍ ዓምድ አጣች።

ከዚያ አንድ ንጋት የሉም።
የምንቃር ቀዳዳ ብቻ ጭቃው ላይ፣ እንደ ስፌት ፋና፣
በየቀዳዳው ጠብታ ውሃ፣ ጠብታው ላይ ስስ በረዶ ገና።
ምንታምር ደብተሯን ይዛ ሄደች፤ ብስኩቱንም ሳልከፍላት።
ወንፊቱን አጥቤ፣ ደግሜ አጥቤ፣ ለሸዋዬ አመጣሁላት፤
አሸተተችው። «ይኼ» አለች፣ «ዱቄቴን ዳግም አያይም!»
አጥሩ ላይ ሰቀለችው።

እዚያው ነው ያለ። ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይነፋል።
ጧት ልቆጥረው ስሄድ
ያነፋው የለም።